አዝሙድ ስትይኝ

ወሰንየለሽ እሽጉን ከማሙሽ እጅ በሁለት እጇ ተቀበለች። ማሙሽ በመሐል ሜዳና በዘመሮ መካከል የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ የሰው ዕቃ ሲያደርስ አንድ ነገር ሳይጎነትል አይሄድም። «ከመርሐቤቴ የመጣ ነው። ከማን እንደሆነ አልነግርሽም፤ ፊትሽ ቀድሞኛል» አላትና ክላክሱን ነፍቶ፣ አቧራውን አልብሷት ሄደ።

እሽጉን በጋቢዋ ሥር ሸሽጋ ወደ ቤት ገባች። የገና ጾም ነበር፤ የመንዝ ብርድ ጥላ ካገኘ ከሰዓት በኋላም አይለቅም። አባቷ መሪጌታ ይሥሐቅ መደቡ ላይ ጋደም ብለው ያስላሉ። እሷ በእግር ጣቷ አልፋቸው ማጀት ገባችና ቋጠሮውን ፈታችው።

ጥቁር አዝሙድ ነበር።

አገላበጠችው። ከሥሩ ሌላ ነገር ይኖር እንደሆነ ጣቷን ሰዳ ፈለገች። ሌላ ነገር የለም። በደንብ የተበጠረ፣ አንድ ገለባ የሌለው ጥቁር አዝሙድ፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ፣ በቃ። ወሰንየለሽ በርጩማው ላይ ቁጭ አለችና ጨርቁን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። እንባ እንኳ ቶሎ አልመጣላትም።

አንድ ቋጠሮ ቅመም ሰውን እንዲህ ለምን ይጥለዋል የሚል አንባቢ ካለ እውነቱን ነው፤ እንግዲያው ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ወሰንየለሽ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሥነ ምግብ ሠራተኛ ናት፤ እናቶችን ሰብስባ የሕፃናት ገንፎ አሠራር ታስተምራለች። ባለፈው ዓመት በአንድ የገበያ ቀን የገብስና የባቄላ ዱቄቷን ዘርግታ ስታስረዳ፣ ከሴቶቹ ኋላ አንድ ረዘም ያለ ቅመም ነጋዴ ቆሞ ይሰማት ነበር። ትከሻው ላይ ጆንያ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ።

«እኅቴ፣ ገንፎው ላይ አዝሙድ ጣል ቢደረግበትስ? ኃይል ይሰጣል ይባላል» አለ።

«አንተ የምትሸጠው ሲባል የሰማኸውን ነው?» አለችው። ሴቶቹ ሳቁ። «አዝሙድ ብረትም አለው፣ ካልሲየምም አለው፣ አሰርም አለው። ግን አዝሙድን በጭልፋ የሚበላ ሰው አይተህ ታውቃለህ? በሁለት ጣት ነው የሚቆነጠረው። የልጁን ሰውነት የሚሠራው ባቄላውና እንቁላሉ ነው።»

«ታዲያ የእኔ ዕቃ ሥራው ምንድን ነው?»

ወሰንየለሽ አሰበች። ልታሳፍረው አልፈለገችም፤ ልትዋሸውም አልፈለገችም። «ያስበላል» አለችው።

ሰውዬው ወንድምአገኝ ይባላል፤ የመርሐቤቴ ቆላ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ላይ ቅመሙን ዘርግቶ ሲጣራ «ያስበላል! ያስበላል!» ማለት ያዘ፤ ሴቶቹም ነገሩ ገብቷቸው እየተጠቃቀሱ ይገዙት ጀመር። እሷም ብትሆን የገበያ ቀን በደረሰ ቁጥር ቤቷ ቅመም የሚያልቅባት ሰው ሆነች። ቤት ውስጥ ከአባቷ ሌላ ሰው የለም፤ መሪጌታ ደግሞ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ምግብ ሲቀርብላቸው ባርከው፣ አንዲት ጉርሻ ቀምሰው ገበታውን ወደ ልጃቸው የሚገፉ ሆነዋል። ቅመሙ ማጀቱን ሞላው፤ የሚበላው ሰው ግን አልተገኘም።

መሪጌታ ይሥሐቅ የድጓ መምህር ናቸው፤ በዘመሮ ዙሪያ እሳቸው ያላስተማሩት ዲያቆን ጥቂት ነው። የነጋዴውን ነገር ከሰው አፍ ሰምተው ልጃቸውን የተናገሯት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ነጋዴነቱስ ይሁን፤ ሠርቶ መብላት ነው። ልጄን ግን ቆላ አላወርዳትም።» ታናሽ እኅታቸው በልጅነቷ ወደዚያ ወገን ተድራ ወባ ገድሏታል፤ ለቀብሯ እንኳ አልደረሱም። ይህን የሚያውቅ አይፈርድባቸውም። ወሰንየለሽም አልፈረደችባቸውም፤ ነገሩ የከበዳትም ለዚሁ ነው።

መጨረሻ የተገናኙት መሐል ሜዳ መናኸሪያ ነበር፣ ጾሙ ሊገባ ሲል። እሱ ወደ አገሩ ሊወርድ፣ እሷ ወደ ዘመሮ ልትመለስ።

«እናቴን ሳላማክር ሽማግሌ ማስነሳት አልችልም» አላት። «እናቴ ደግሞ ደገኛ ምራት ሲባል ገና በስሙ ይበርዳታል።»

«እሺ ካሉህስ በምን አውቃለሁ? ያንተ መንደር ኔትወርክ የለ።»

«በሰው እልክብሻለሁ።»

«በሰው አፍ አይሆንም። በሰው አፍ የተላከ ነገር ለእኔ ከመድረሱ በፊት አባባ ጆሮ ይደርሳል።» ዓይኗን ከዓይኑ አንሥታ ጫማዋ ላይ ጣለችው። «እሺ ካሉህ አዝሙድ ላክልኝ። ሠርግ ያለ አዝሙድ አይሆንም። እምቢ ካሉህ ግን ሌላ የፈለግኸውን ላክ። ይገባኛል።»

ወንድምአገኝ ምንም አልጠየቀም። «አዝሙድ» አለ፣ መሐላ እንደሚምል ሰው። ዓመት ሙሉ የተዋወቁ ሁለት ሰዎች ሲለያዩ የሚሉት ሌላ ቃል ነበራቸው፤ ሁለቱም ያውቁታል፤ ሁለቱም ዋጡት። ሚኒባሱ ሲነሣ እሷ አንገቷን በመስኮት አውጥታ «አባባን ጉንፋን ይዟቸዋል፤ በጸሎትህ አስባቸው!» ብላ ጮኸችለት።

ጉዱን ያመጣችው ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት። በወሰንየለሽ እናት ቤት አዝሙድ ማለት ነጩ ነው፤ ቅቤ ሲነጠር የሚገባው፣ ሽሮ ሲሰናዳ የሚጨመረው። ጥቁሩ ደግሞ ሞቅ ተደርጎ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ አፍንጫው የታፈነ ሰው የሚያሸተው ነው። እነሆ ሰውየው ለአባቷ ጉንፋን መድኃኒት ልኮ፣ ለእሷ ምንም አልላከላትም። ደግነቱ ነው ይበልጥ ያቆሰላት። እምቢታውን እንኳ በደግነት ነው የላከው።

«ወሰኔ፣ ምንድን ነው የሸተተኝ?» አሉ አባቷ ከመደቡ ላይ።

ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወጣችና ጥቂቱን ቆንጥራ በቁራጭ ጨርቅ ቋጥራ ሰጠቻቸው። መሪጌታ አፍንጫቸውን ቀብረው በረጅሙ ሳቡ። ደረታቸው ከፈት ሲል ፊታቸውም አብሮ ፈታ አለ።

«ማን ላከው?»

«ያ የመርሐቤቴው ነጋዴ። መታመምዎን ሰምቶ ነው።»

መሪጌታ ቋጠሮውን ደግመው አሸተቱት። «እግዚአብሔር ይስጠው» አሉ። «ሰውየውስ ክፉ አይደለም። ክፉው ወባው ነው።» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሌላ ነገር ሊናገሩ ነበር። «ልጄ፣ የዲያቆን አትናቴዎስ ሽማግሌዎች በቀጠሮ ሲመላለሱ ከርመዋል። እሑድ ቁርጡን ሊሰሙ ይመጣሉ። ምን ልበላቸው?»

አትናቴዎስ የዘመሮ ልጅ ነው፤ የአባቷ ተማሪ ነበር፣ አሁን ደግሞ የትምህርት ቤት መምህር። ድምፁ መልካም፣ ጠባዩ መልካም፣ ቤቱ ከእነሱ ቤት ሲጣሩ የሚሰማበት ቦታ ነው። አንዲት ልጅ ስለ እሱ የምታወጣው እንከን ቢጠፋት አይፈረድባትም።

«እርስዎ እንደ ወደዱ፣ አባባ» አለች።

«እንደ ወደዱ» የምትባለው ቃል በእኛ አገር ለስንቱ ልብ መቃብር እንደሆነች እግዚአብሔር ይቁጠረው። መሪጌታ ግን ደስ አላቸው፤ ደስ ስላላቸውም ሌላ አልጠየቁም። እሷ ወደ ማጀት ተመልሳ የቀረውን ጥቁር አዝሙድ በጨርቁ ቋጥራ ቁም ሳጥን ላይ ወረወረችው። ሽታው ግን ቤቱን አልለቀቀም፤ ሌሊቱን ሁሉ አጠገቧ ሰው ያለ እየመሰላት ትነቃ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቷ እትዬ አዛለች ሊያግዟት መጡ። እሳቸው ከመርሐቤቴ ተድረው መንዝ ከገቡ ልጅ ወልደው፣ የልጅ ልጅ አይተዋል። ቡሖው ከማታ ጀምሮ ኩፍ ብሎ ድስቱን ሊገፋ ደርሷል። ለሽማግሌ የሚቀርብ ድፎ ነው፤ ጾም ስለሆነ በኑግ ዘይት የተለወሰ። አዛለች እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ኩበቱን ከታች አንድደው፣ ለላዩም የሚሆን ፍም ለይተው ካበቁ በኋላ እጃቸውን ዘረጉ።

«በይ አዝሙድ ስጪኝ።»

ወሰንየለሽ ከመደርደሪያው ጣሳውን አውርዳ በእፍኛቸው ጨመረችላቸው። አዛለች እጃቸውን አዩት፣ ልጅቱን አዩዋት።

«አዝሙድ እኮ ነው ያልኩሽ፤ ነጩን መች አልኩሽ?»

«አዝሙድ አይደል ታዲያ ይሄ?»

«ይሄማ ነጩ ነው! አዬ፣ የዚህ አገር ሰው መቼም አይለምደኝ። እኔ ባደግሁበት ቤት አዝሙድ ከተባለ ጥቁሩ ነው፤ ዳቦ ላይ ጣል የሚደረገው። ይሄኛው ነጩ ነው የሚባለው፤ ሆዱን ለቆረጠው ሰው የሚሰጥ። ጥቁሩ የለሽም?»

ወሰንየለሽ ጣሳውን አኖረች። ወንበር ላይ ወጥታ ከቁም ሳጥኑ ላይ ያንን ቋጠሮ አወረደችና አቀበለቻቸው። አዛለች ፈቱት፤ አሸተቱት፤ የጨርቁን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄን ማን ላከልሽ?»

«ለአባባ ጉንፋን ነው። ከመርሐቤቴ።»

«ለጉንፋን?» አዛለች ሳቁ። «ለአንድ አፍንጫ ይሄን ሁሉ? ለመድኃኒት እንኳን አንድ ቁንጥር በአሮጌ ጨርቅ ይበቃል። ይሄ አዲስ ጨርቅ ነው። አበጣጠሩን እይው፤ አንድ ግርድ የለውም፣ እናት ቁጭ ብላ ነው ያበጠረችው። ልጄ፣ ይሄ የድግስ ነው። እኛ መንደር እንዲህ ያለው ለሠርግ ዳቦ ነው የሚላከው።»

ልብ ሲቆም ምን እንደሚመስል ወሰንየለሽ ያን ዕለት አወቀች፤ ቀጥሎ ሲነሣም አወቀችው። «አዝሙድ» ብላው ነበር። «አዝሙድ» ብሎ ነበር። እሱም ቃሉን ጠብቆ ያለችውን ላከላት። እናቱ እሺ ብለዋል። እሺ ብለው፣ በገዛ እጃቸው አበጥረው ልከውላታል፤ እሷ ደግሞ ቁም ሳጥን ላይ ወርውራው ለሌላ ሰው ዳቦ ታስጋግራለች።

ይህን ሁሉ ልትናገር አፏን ስትከፍት አዛለች እፍኝ ሙሉ ጥቁር አዝሙድ ቡሖው ላይ በትነው፣ በመዳፋቸው ተጭነው፣ ድስቱን ከድነውበት ነበር። ደጅም «እንደምን ዋላችሁ!» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ።

ዳቦው በእሳቱ መካከል እስኪበስል ማጀት ተቀምጣ የሳሎኑን ወሬ አዳመጠች። የሽማግሌዎቹ አፍ አቶ ዳኜ ናቸው፤ ስለ ገብሱ ምርት፣ ስለ ጓሳ ሣር፣ ስለ በጎቹ ያወራሉ፤ ወደ ነገሩ ሲቀርቡ ቀስ ነው የሚሉት። አባቷም በሳል ያቋረጡትን ወግ እየቀጠሉ ይስቃሉ። የአባቷን ሳቅ ከሰማች ቆይታለች። ይህን ሳቅ ማን ያቋርጣል? ዝም ብትል የሚጎዳ ሰው ያለ አልመሰላትም፣ ከእሷና ከአንድ ሰው በቀር።

ድፎው ወጣ። ሽታው ከማጀት አልፎ ሳሎን ገባ፣ ከሳሎን አልፎ ደጅ ወጣ። እሷም በሰፌድ ይዛው ገብታ አባቷ ፊት አኖረችው። መሪጌታ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው፣ አማትበው፣ ቢላዋውን አነሡ። በዚያ ቤት ያን ዕለት ዳቦው ከተቆረሰ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

«አባባ፣ አይቁረሱት።»

ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። ቢላዋው አየር ላይ ቀረ። አቶ ዳኜ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ምን አልሽ፣ ልጄ?»

«ይሄ ዳቦ ... የሌላ ሰው ዳቦ ነው።» ራሷን ደፍታ ቆመች፤ እንባዋ መሬት ላይ ሲወድቅ ሽማግሌዎቹ አዩት።

መሪጌታ ልጃቸውን አይተው ቢላዋውን አጋደሙት። ሰው ሁሉ ይቆጣሉ ብሎ ሲጠብቅ ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ልጄን ሳልጠይቃት አይደለም፤ ጠይቄያታለሁ። መልሷን ግን አላዳመጥሁም። ለዲያቆን አትናቴዎስ ይቅርታ ጠይቁልኝ፤ እኔም ራሴ ሄጄ እጠይቀዋለሁ።»

አቶ ዳኜ ቅር ብሏቸዋል፤ ግን ሽማግሌ ናቸው። «አትናቴዎስም ቢሆን» አሉ ሲነሡ፣ «ልቧ ሌላ ቦታ ያለ ልጅ አግባ ብንለው አይወድልንም። እንዲህ ዳቦው ሳይቆረስ ማወቁ ይሻላል።» ቆሎና ጠላ ቀምሰው መርቀው ወጡ። አዛለችም ነጠላቸውን ተከናንበው ተከተሉ፤ እሳቸው መቼ መውጣት እንዳለባቸው የሚያውቁ ሴት ናቸው።

አባትና ልጅ ባልተቆረሰው ዳቦ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ወሰንየለሽ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መናኸሪያውን፣ ቃሉን፣ ነጩን፣ ጥቁሩን። መሪጌታ እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ ከትራሳቸው ሥር ያንን ትንሽ ቋጠሮ አውጥተው አዩት።

«ታዲያ እኔ ሳሸተው የሰነበትሁት ያንቺን ሠርግ ነው በይኛ» አሉ።

እያለቀሰች ሳቀች።

«አየሽ» አሉ ድጓ እንደሚያስተምሩበት ባለ ድምፅ፣ «አንድ ቃል በግዕዝ ዜማ ሲዜምና በአራራይ ዜማ ሲዜም ያው ቃል ነው፤ ጆሮ ግን ሌላና ሌላ ነው የሚሰማው። እናንተ ዜማውን ሳትስማሙ ቃሉን ብቻ ተቀባበላችሁ።» ድምፃቸውን አወረዱት። «ልጄ፣ ቆላውን ነገር ታውቂያለሽ። ጎርፍ እንደ ወሰደው ሰው ነው እኅቴ የቀረችብኝ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አሁን አዳምጥሻለሁ። ትወጂዋለሽ?»

ወሰንየለሽ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እናቶችን ሰብስባ ያለ ማይክሮፎን የምታስተምር ልጅ፣ ለአባቷ አንዲት ቃል ማውጣት አቃታት። በመንዝ አንዲት የመሪጌታ ልጅ ለአባቷ «እወደዋለሁ» ብላ የተናገረችበትን ቤት አታውቅም። ራሷን ደፋች። መሪጌታም ጠበቋት፣ ጠበቋትና ወደ መደባቸው ተመልሰው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ሐዘን ነበር። እሷን ይበልጥ የጎዳትም እሱ ነው።

ፀሐይ ወደ መርሐቤቴ ወገን ስታዘቀዝቅ የውጭው በር ተንኳኳ። ወጥታ ከፈተችው።

ወንድምአገኝ ነበር። ብቻውን፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ጆንያ። ጫማው አቧራ ለብሷል፤ ዓይኑ እንቅልፍ አላየም። ከማጀቱ የሚወጣው የዳቦ ሽታ አሁንም ደጁን ሞልቶታል። እሱ መጀመሪያ ልብ ያለው እሷን አይደለም፤ ሽታውን ነው። አፍንጫው የነጋዴ አፍንጫ ነውና የገዛ ዕቃውን አወቀ፤ አውቆም ፊቱ ጠቆረ።

«እንኳን ደስ አለሽ ልበል?» አላት። «ማሙሽ መሐል ሜዳ ላይ ነገረኝ። ሽማግሌ ገብቶልሻል አሉ። ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ያመጣኋቸውን አጎቴንና ሰዎቹን እዚያው ትቼ መጣሁ። ሰው ያወራው ነው፣ አላምንም እያልኩ ነበር የመጣሁት።» ድምፁ ተሰበረ። «ወሰንየለሽ፣ በእናቴ አዝሙድ ነው ለሌላ ሰው የጋገርሽው?»

«ወንድምአገኝ፣ ስማኝ ...»

«ዘር ዘሩን እየለየች ነው ያበጠረችው! የደከመውን ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቷ!»

«ለአባባ ጉንፋን መስሎኝ ነበር!»

እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀም።

«ነጩን ነበር ያልኩህ» አለችው፣ እንባና ሳቅ እየተናነቃት። «በእኛ ቤት አዝሙድ ማለት ነጩ ነው። ጥቁሩን የታመመ ሰው ነው የሚያሸተው። ስፈታው ጥቁር ሆነ። ለአባቴ አዝነህ፣ እኔን የተውኸኝ መሰለኝ።»

«ነጩን?» አለ ወንድምአገኝ። «እኛ ቤት እኮ ነጩ የሆድ ቁርጠት መድኃኒት ነው። ነጩን ልላክላት ብል እናቴ ልጅቱን ገና ሳናገባት ምን አበላሃት ነበር የምትለኝ።» ፈገግ ሊል ፈለገ፤ አልሆነለትም። እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። «ገበያ ላይ ማንም ሰው አዝሙድ ቢለኝ ጥቁሩን ነው ነጩን ብዬ እጠይቃለሁ። ዕድሜዬን ስጠይቅ የኖርሁት እሱን ነው። አንቺን ግን አልጠየቅሁሽም።»

«ለምን?»

«አዝሙድ ስትይኝ የሰማሽ ነጋዴው አይደለማ። የሰማሽ የእናቴ ልጅ ነው።»

ወሰንየለሽ የበሩን ጣውላ ያዘች።

«ዳቦው አልተቆረሰም» አለችው በቀስታ። «አላስቆረስኩትም።»

ተያዩ። ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ፣ መናኸሪያ ላይ፣ በሰው መካከል የሰረቁት እይታ ሁሉ ያን ጊዜ ያለ ስርቆት ሆነ። ማንም ዓይኑን ከሌላው ላይ አላነሣም።

«እናቴ ምን አለች መሰለሽ» አለ ወንድምአገኝ፣ ድምፁን ሳይቀንስ። «መጀመሪያ እምቢ አለች። ኋላ ሌሊት ተነሥታ ቀሰቀሰችኝና፣ የሰው ልጅ አምጥተህ ወባ ከምታስይዝ አንተው እዚያው ዘመሮ ሱቅ ክፈት፤ አባቷን ብቻቸውን አታስቀራቸው፤ እኔ ለፋሲካ ወጥቼ አያችኋለሁ፣ ብርዱ ከገደለኝም ይግደለኝ አለች። ቁጭ ብላ ማበጠር የጀመረችው ከዚያ ወዲያ ነው።»

ከቤት ውስጥ የመሪጌታ ሳል ተሰማ። ቀጥሎ የመደቡ ጣውላ ሲንቋቋ። የቤቱ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ የደጅ ወሬ ወደ ውስጥ፣ የውስጥ ወሬ ወደ ደጅ ያልፋል።

«ወሰኔ!» አሉ አባቷ። «ማነው በር ላይ?»

ወንድምአገኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ወሰንየለሽ አፏን ከፈተች። «የመርሐቤቴው ነጋዴ ነው» ማለት ትችል ነበር፤ ያን ማለት ለምዳለች፤ እሱም ውሸት አይደለም። ግን አንድ ጊዜ ልቧን በቅመም ቋጥራ ልካው ምን እንዳመጣባት አይታለች። አሁን አጠገቧ ቅመም አልነበረም። የነበራት አፏ ብቻ ነው።

«የምወደው ሰው ነው፣ አባባ!»

ጮክ ብላ ነው ያለችው። እትዬ አዛለች ከአጥራቸው ማዶ «እልል» ሊሉ ጀምረው አፋቸውን ሲይዙ ተሰማ። ወንድምአገኝ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ በመዳፉ ሸፈነ።

ወሰንየለሽ ከቤት ውስጥ ዝግ ያለ የእግር ኮቴ ወደ ገበታው ሲሄድ ሰማች፤ ቢላዋ ከሰፌድ ላይ ሲነሣ ሰማች።

«ታዲያ ደጅ ምን ታቆሚዋለሽ?» አሉ መሪጌታ ይሥሐቅ። «አስገቢውና ዳቦው ይቆረስ። ርቦኛል።»

እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷ ይህን ቃል ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። ወሰንየለሽ በሩን ይዛ፣ የሚያያትን ሁሉ ረስታ፣ እንደ ልጅ አለቀሰች።